የራሱ አለቃ

በያጁ በአንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። የድርጅቱ ባለቤት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ይኸው አማቹ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ወረቀት አስፈረማቸው። ከዛሬ ጀምሮ ተቀጣሪ አይደላችሁም፣ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ አለቃ ናችሁ፣ ከደሞዛችሁም ግብር አይቆረጥም አላቸው። ሙሉ ገንዘብ እጃቸው ሲገባ ሁሉም መረቁት። በያጁም ዘመድ ነው ብሎ ሳያነብ ፈረመ።

ዘንድሮ ከግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣለት። የሦስት ዓመት የንግድ ግብር ከነቅጣቱ፤ ቤቱ ቢሸጥ እንኳ አይሸፍነውም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር አድሮ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። የቢሮው ሠራተኛ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ ሳትቸኩል ጠየቀችው። የመበየጃው ማሽን የማን ነው? የአማቴ። መግቢያ ሰዓት የሚወስነው ማነው? እሱ። በእርስዎ ፈንታ ሌላ ሰው መላክ ይችላሉ? ምን መላክ፣ አንድ ቀን ታምሜ ብቀር ይቆርጥብኛል አላት።

«እንግዲያው እርስዎ ነጋዴ አይደሉም፣ ተቀጣሪ ነዎት» አለችው። «ወረቀቱ የፈለገውን ቢል፣ ግብሩን ቆርጦ ማስገባት የነበረበት እሱ ነው። ማስረጃ ያምጡ።»

ማስረጃው ሠራተኞቹ ጠዋትና ማታ የሚፈርሙበት መዝገብ ነበር። በማግስቱ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን የአማቹ ቢሮ ገብቶ ከመሳቢያ አወጣው። ዘወር ሲል አማቹ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

«አስቀምጠው።»

«ጋሼ፣ አሳልፈኝ። ቤቴን ሊሸጡብኝ ነው።»

«ፈርመሃል።»

«አንተን አምኜ ነዋ የፈረምኩት።»

አማቹ ግድግዳ የተደገፈ የብረት ቱቦ አንስቶ መዝገቡን በያዘው እጅ ላይ አሳረፈው። በያጁ ሕመሙ ሳይሰማው የአጥንቱን ስብራት ሰማ። ሁለተኛው ምት ትከሻው ላይ ወረደ፤ ሦስተኛው ጆሮውን ገሽልጦት አለፈ፣ ደሙም አንገቱን አሞቀው። በጉልበቱ ወደቀ። ያን ሁሉ ዓመት እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያለ የዋጠው ነገር ያኔ ፈነዳ። የአማቹን እግሮች አቅፎ ዘረጋው፣ ላዩ ላይ ወጣ፣ በደህና እጁ ፊቱን ይደበድበው ጀመር። ጥርስ ሲረግፍ አየ፤ አላቆመም። መንጋጋው ከጡጫው ሥር ሲሰበር ተሰማው፤ አላቆመም። ጭንቅላቱን ጨምድዶ በሩ ሥር ካለው የብረት መቆንጠጫ፣ ከሞርሳው ጋር ሊያጋጨው ሲያነሳው ግን፣ ከደሙ በላይ የሚታየው ግንባር የሚስቱ ግንባር ሆኖ ታየው። ለቀቀው። ሠራተኞቹ ደርሰው ሲያነሱት መዝገቡን በብብቱ አጣብቆ ይዞታል።

የግብር ቢሮው መዝገቡን አይቶ ለበያጁ ፈረደ፤ ግብሩም ቅጣቱም ወደ አማቹ ዞረ። ፍርድ ቤቱ ግን መንጋጋውን ሰብረሃል ብሎ በያጁን አሥር ወር አሰረው፤ አማቹን በገንዘብ ቀጥቶ ለቀቀው። የበያጁ ሁለት ጣቶች ዳግመኛ አልታጠፉም።

ሚስቱ ጠዋት ለወንድሟ ሾርባ በቱቦ ታጠጣለች፣ ከሰዓት ወህኒ ቤት ትመጣለች። አንድ ቀን ወንድሟ መናገር መጀመሩን ነገረችው።

«ምን አለ?»

«ባልሽ ሊፈታ ስንት ወር ቀረው አለኝ። ሌላ አልተናገረም።»

 በዚያው ሳምንት ልጆቿን ይዛ ወንድሟ የማያውቀው ሰፈር ቤት ተከራየች። ሾርባውን ግን አላቋረጠችም።