የተበሉት ብዮች

ዘንድሮ ሰማዩ ከእትዬ ጋር የተጣላ ይመስል ነበር። ወይኑ ሲያብብ በረዶ ወረደበት፤ ፍሬው ሊበስል ሲል ደግሞ ዝናቡ አላባራ ብሎ ዘለላው ሻገተ። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር። እትዬ ግን መቀስና ባልዲዋን ይዛ ተክሎቿ መሀል ገባች።

ታናሽ ወንድሟ ሊያግዛት የመጣው ለራሱም ጉዳይ ነው። ሴት ልጁ ልትዳር ነው፤ እትዬም የሰርጉን ወይን ጠጅ በእጇ እንደምትጠምቅ ቃል ገብታለች። እናም ፍሬውን አንድ በአንድ እያገላበጠች ሻጋታ የነካውን ሁሉ ስትጥል አንጀቱ አረረ። ይቺ ሴት ጉድ ልታደርገኝ ነው ብሎ በልቡ አማት። በመጨረሻ ያ ሁሉ ማሳ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ወይን ሆኖ አረፈው። እሱም ቢሆን አልሞላም፤ ከአንገቱ በታች አራት ጣት ያህል ጎደለ።

ጉድለቱ የዋዛ አይደለም። ወይኑ ፈልቶ ካበቃ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ አየር ከተረፈ፣ ሰርጉ ሳይደርስ ኮምጣጤ ይሆናል። ወንድሟ ከተጣለው ፍሬ ትንሽ ጨምቀን እንሙላው አላት። አይሆንም አለችው። ታዲያ ውሃ ጠብ ብናደርግበትስ፣ ማን ያውቃል ሲላት ቀና ብላ አየችው።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

ተነስታ ጓዳ ገባችና አንድ የዛገ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ተመለሰች። ውስጡ ጢም ብሎ የሞላው የመስታወት ብይ ነው። በልጅነታቸው የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ባዶ ኪሱን የምትሰደው እሷ ነበረች። ወንድሟ በእሷ ተበልቶ እራቱን ትቶ ያለቀሰላትን ሰማያዊዋን ብይ እንኳ ለይቶ አወቃት።

እትዬ ብዮቹን ቀቀለች፣ በንጹህ ጨርቅ አደረቀች፤ ከዚያ በጠርሙሱ አንገት አንድ በአንድ ለቀቀቻቸው። ወይኑ ቀስ እያለ ከፍ አለ። አንገቱ ጋ ሲደርስ ቡሹን ገጠመችበት። ባዕድ ጠብታ ሳይገባበት ሞላ። ወንድሟ በልቡ ስላማት ራሱን መቆንጠጥ አማረው።

በሰርጉ ቀን ወይኑ ለሁሉ አልተዳረሰም። የቀመሱት ግን ብርጭቋቸውን መልሰው ዘረጉ። ሙሽራዋ አክስቷን አቅፋ አልለቅም አለች። ወንድምዬው ባዶውን ጠርሙስ ሲያነሳ ብዮቹ ውስጡ ተንኮሻኮሹ፤ እትዬም ሰማች።

«እንዳታስበው» አለችው። «ወይኑን ለልጅህ ሰጥቻለሁ። ብዮቹን ግን በጨዋታ ነው የበላሁህ።»

መላጣውን እያከከ ሳቀ። እንግዶቹ ሲሄዱ ኮቱን አውልቆ ብዮቹን አንድ በአንድ አጠበና ቆርቆሮዋ ውስጥ መለሰላት፤ ሰማያዊዋንም ጭምር።