ለፓላኒ የላክሁት ስም

በ1980 ክረምት አዋሳ ውስጥ እኔን ቀድሞ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ጎህ ሳይቀድ ነጠላዬን ተከናንቤ በሬን ቆልፌ እወጣለሁ። ሰው፣ ብርቅዬ ኪዳን ልታስደርስ ነው ይላል፤ ይበል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መርዶ ሽሽት ነው። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ቤት ድረስ መጥቶ ነው። ቤቷ የማትገኝን ሴት ማን ያረዳታል? አንድ ልጄ ታምሩ በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ከዘመተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ የለም። እኔም ካልነገሩኝ አልሞተም ብዬ ወሰንኩ። ሞኝ ናት በሉኝ። ወልዳችሁ ስታዘምቱ እንነጋገራለን።

ገብርኤልን ተሳልሜ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ትንሽ አያለሁ፤ እዚያም እግሬ አያርፍልኝም። ዳር ዳሩን እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ የመርዶ ሰዓት አለፈ ብዬ ወደ ሥራዬ። ባለቤቴ ሞገስ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምተዳደረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ጠባቂነት ነው። ያን ሰሞን ጠመኔ ሊወስድ የመጣን አስተማሪ ቁጭ ብዬ ማስፈረም አቅቶኝ ቆሜ ነበር የማስፈርመው።

ጎረቤቴ ካማላ ነች። ባሏ ሚስተር ሱብራማንያም የትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ ነው። የመጡት ከደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ከሚባል አገር ነው። ግድግዳችን አንድ፣ የልብስ ማስጫ ገመዳችንም አንድ። አማርኛዋን ከገበያ ስለለቀመችው ወንዱንም ሴቱንም “አንተ” ነው የምትለው፤ እኔንም ጭምር። ፊደል ያስቆጠራት ታምሩ ነው። “ሀ ሁ” እያለ ሲያስጮሃት በግድግዳው እሰማ ነበር። እሷም ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን ለትምህርት አገሯ ትታ የመጣች ናትና ልጄን እንደ ልጇ ነበር የምታየው።

ካማላ ስለ ቤተ መቅደሶቿ ማውራት ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ራሜስዋራም የሚባል የባሕር ዳር ደብር አለ። ተሳላሚው በግቢው ካሉ ሃያ ሁለት ጉድጓዶች ውሃ እየተቀዳ ይፈስበታል፤ ልብሱ እንደራሰ፣ ግራና ቀኙ ዓምድ ብቻ በሆነ ረጅም መተላለፊያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ማዱራይ ደግሞ የግቢው በር ብቻውን ከፎቅ ቤት ይበልጣል፤ ከላይ እስከ ታች በቀለም ያበደ ምስል ነው። “ስንት ምስል ነው?” ብላት “ማን ቆጠረ?” አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አገጬን ይዤ እሰማታለሁ። ያን ክረምት ግን እሷ ስታወራ እኔ የደረቀውን ልብስ አውርጄ መልሼ አሰጣለሁ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ለዕረፍት አገራቸው ሊሄዱ ሻንጣ ሲያስሩ ጠራችኝ። ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየችኝ፤ መልከ መልካም ልጅ፣ በእጁ ጦር፣ ከጎኑ ጣዎስ።

“ይሄ ሙሩጋን ነው” አለች። “ቤቱ ፓላኒ፣ ተራራ ላይ። ደረጃው ስድስት መቶ ዘጠና ሦስት። በባዶ እግር እወጣለሁ። እሱ ወታደር ነው፣ የአማልክት ጦር አዛዥ። የወታደር ነገር ይገባዋል። ለታምሩ እሳላለሁ።”

“እኛም ጦር የያዘ አለን” አልኳት። “ፈረስ ላይ ነው።”

“የእኔ ጣዎስ ላይ። ችግር የለም።” ወረቀትና እርሳስ አወጣች። “እዚያ ካህኑ ስምና ኮከብ ይጠራል። የተወለደበትን ቀን ስጠኝ፣ ኮከቡን እኔ አወጣለሁ። ስሙን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን። ታምሩ የውጭ ስም ነው ብለኸኛል።”

ብያታለሁ፤ ምላሴ ይቆረጥና። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም ለመንገደኛ አይሰጥም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይደገምበታል፤ እናቴ ይህን ስትነግረኝ ነው ያደግኩት። ደግሞስ የንስሐ አባቴ አባ ገብረየስ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? የልጅሽን ስም ለጣዖት? በሌላ በኩል ይቺ ሴት በታመመ ጉልበቷ ስድስት መቶ ዘጠና ሦስት ደረጃ ልትወጣልኝ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እምቢ ማለት አቃተኝ፣ እሺ ማለትም አቃተኝ። ቀኑን በትክክል ነገርኳት፣ ኅዳር ሚካኤል ነው። ስሙን ግን ዋሸሁ። “ወልደ ሰንበት” አልኳት። እሷም በራሷ ፊደል ቀስ ብላ ጻፈችው።

የጫናቸው ጋሪ ወደ መናኸሪያ ታጠፈ። እጄን እያውለበለብኩ ሳለ ነው ትዝ ያለኝ። ወልደ ሰንበት የባሌ የሞገስ የክርስትና ስም ነው። ፍትሐት የተፈታበት፣ ተዝካሩ የወጣበት ስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ፈጥኜ ምላሴ ላይ የመጣውን ስም ስወረውር የሙት ስም አንስቼ በሕይወት ባለ ልጄ ላይ ደረብኩበት። ጋሪውን ተከትዬ ሮጥኩ። መናኸሪያ ስደርስ አውቶቡሱ ወጥቷል።

በማግስቱ ቴሌግራም ልልክ ቴሌ ሄድኩ። ማዱራይ ያለው የወንድሟ አድራሻ ነበረኝ። “ስሙ ስህተት ነው። ወልደ ሰንበት አይደለም። ገብረ ሚካኤል ነው” ብዬ በማውቃት እንግሊዝኛ ጽፌ ሰጠሁ። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና “እናቴ፣ ምን ማለት ነው?” አለችኝ በትሕትና። ምን ልበላት? ልጇ ግንባር ያለ ሴት ወደ ውጭ አገር የምትልከው፣ ይሄ ስም አይደለም ያኛው ነው የሚል መልእክት። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ በሰላይነት ያስጠረጥራል። “ይቅር” ብዬ ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩና መንገድ ላይ ቀዳድጄ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ። ዛሬ ራሜስዋራም ናት፣ ዛሬ ማዱራይ ገብታለች እያልኩ ቀን እቆጥራለሁ። ፓላኒ የምትወጣው ሐምሌ ሠላሳ፣ ቅዳሜ እንደሆነ ነግራኛለች። ያን ቀን እኔም ጫማዬን አውልቄ እዚሁ አዋሳ ያለውን ታቦር ተራራ ወጣሁ። ዝናቡ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወርደዋል። ታቦር ደረጃ የለውም፤ እርምጃዬን ቆጠርኩ። በየእርምጃው “ገብረ ሚካኤል ነው፣ ገብረ ሚካኤል ነው” እላለሁ። እሷ እዚያ የተሳሳተውን ስትጠራ እኔ እዚህ ላርመው ነው። ሁለት ጊዜ ጭቃው ጣለኝ። ስድስት መቶ ዘጠና ሦስት ስደርስ ጫፉ ገና ነበር፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ወረድኩ። ለአባ ገብረየስም አልተናዘዝኩም። ፈራሁ።

ነሐሴ ሲጋመስ ሰው ደግ ሆነብኝ። ፅጌ፣ ከታች በኩል ያለችው ጎረቤቴ፣ የጴንጤ ሃይማኖት ተከታይ ናት፤ ፍልሰታ ሲፈታ ዓሣ ጠብሳ ላከችልኝ። ጥሩ ሴት ናት፣ ግን እንዲህ አታደርግም ነበር። የእድራችን ዳኛ ጋሽ በላይነህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ መሬት መሬት እያዩ “ጧት ጧት የት ነው የምትሄጂው ልጄ?” አሉኝ። “ሐይቅ” አልኳቸው። “ብርድ ይመታሻል፣ ቤትሽ ብትውዪ” አሉኝ። እርስዎ ምን አገባዎ ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። እንቁጣጣሽ ላይ ሦስት ቤት ጠሩኝ፤ ሦስቱም ቤት ያለ ወጉ አጎረሱኝ፣ ሦስቱም ቤት ዓይናቸውን ሰበሩብኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ሰው ያለ ምክንያት ሲያዝንልኝ አልወድም።

መስከረም አምስት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ጋሪ ግቢው በር ላይ ቆመ። ሚስተር ሱብራማንያም ሻንጣ ያወርዳል። ካማላ ሻርፕ ተከናንባ ወረደች፣ አየችኝ፣ ሳቀች፣ ሻርፑን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ያ ወገቧን ይመታ የነበረ ጸጉር የለም። ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቶ ገና እንደ ጤፍ ፍሬ ብቅ ብቅ ብሏል።

በእኛ አገር ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ለአንድ ነገር ነው። ባሏ ይኸው ቆሟል። ልጆቿም ሞተውባት አትስቅም። ታዲያ የማን ነው? የእኔ ነው። እዚያ ሰምታ፣ ተላጭታ መጣች። እንዴት ህንድ ሆና ልትሰማ ቻለች ብዬ አላሰብኩም፤ ማን ያስባል? እጄ ላይ ያለውን እርጥብ አንሶላ ጥዬ “ልጄን” ብዬ ጮህኩ። መሬት ላይ ወደቅኩ።

ካማላ ደንግጣ ላዬ ላይ ተደፋች። “አይደለም፣ ብርቅዬ፣ አይደለም። ስለት ነው። ለታምሩ ነው የሰጠሁት። እንዲመጣ ነው።” ደጋግማ ነገረችኝ። ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ለቅሶዬ እየረገበ ሄደ። እንዲያውም ሳቅ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው።

ጩኸቴ ግን ሰፈሩን ጠርቶት ነበር። ፅጌ እጇ ሊጥ እንደሆነ መጣች። ጋሽ በላይነህ በነጠላ ጫማ፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ። መሬት ላይ ሆኜ ከተላጨች ሴት ጋር ተቃቅፌ አዩኝና ወደ ፅጌ ዞር ብለው “ማነው የነገራት?” አሉ። “ነገ ጧት ነው ተባብለን አልነበረም እንዴ?”

ፅጌ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ሊጡ ፊቷን ነካው። እኔ ቀና አልኩ።

“ነገ ጧት ምንድን ነው ጋሽ በላይነህ?”

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ልጄ” አሉኝ፣ “አብሮት የዘመተ ልጅ ቆስሎ መጥቶ በነሐሴ ነገረን። እውነት መሆኑን አጣርተን ጳጉሜን ሙሉ መጣን፤ በርሽ ዝግ ነው። ከዚያ ዓመት በዓሉ ይለፍላት አልን።”

“መቼ ነው?” አልኩ።

“ግንቦት አሥር።”

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። እፎይታ ነው። ግንቦት። እኔ ስሙን የዋሸሁት ሐምሌ ነው። አልገደልኩትም አልኩ በልቤ። እናት ልጇ መሞቱን ሰምታ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ራሷ ነው። ይህ ሁሉ የቆየው ዓይኔን አንድ ጊዜ እስክጨፍን ነው፤ ከዚያ ሐዘኑ መጣ። እንዴት እንደመጣ አልነግራችሁም።

እያለቀስኩ ሳለ አመለጠኝ። “ካማላ፣ ስሙን ዋሽቼሻለሁ። የሞተ አባቱን ስም ነው የሰጠሁሽ” አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። “እኔን?” አለች። “አንተ እኔን አላመንክም?” ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። በፓላኒ ደረጃ ላይ ስንቴ እንደተቀመጠች ባሏ ኋላ ነግሮኛል። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችው። መብቷ ነው።

ሲመሻሽ ሴቶቹ ምላጭና ውሃ በሣሕን አምጥተው ከጎኔ አስቀመጡ። እንደ ወጉ ሊላጩኝ ነው። “ተዉት” አልኳቸው። “ለታምሩ ተላጭቷል።” ያበድኩ መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ፅጌ ብቻ ምላጩን አንስታ ወሰደችው።

በማግስቱ ጧት ሰው ድንኳኑን ሳይሞላው ካማላ መጣች። ነጭ ሳሪ ለብሳ፣ ራሷን ሳትሸፍን። እንደተቆጣች ነበረች፣ ፊቷ ያስታውቃል። ቆማ “እውነተኛው ማን ነው?” አለችኝ። ነገርኳት። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ “ገብረ ሚካኤል” አልኩ። አንድ ጊዜ ለራሷ ደገመችውና ከጎኔ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

ረፋድ ላይ ከሻሸመኔና ከይርጋለም ለቀስተኞች ደረሱ። ካማላን የማያውቁ፣ እኔንም በመልክ የማያውቁኝ ብዙ ነበሩ። ከድንኳኑ በር ዓይናቸው የሚያርፈው የተላጨው ራስ ላይ ነው፤ የሟች እናት ማን እንደሆነች በዚያ ነው የሚታወቀው። የቀለሟን ነገር በሐዘን ማን ልብ ይላል? እየመጡ እሷን እያቀፉ “እግዚአብሔር ያጥናሽ” ይሏታል። ካማላ ግራ ተጋብታ አየችኝ፤ ልታርማቸው አፏን ከፈተች። እጇን ያዝኩና ዝም በይ አልኳት። የሚያቅፏት ሰዎች ቦታ እንዲያገኙ እኔ ትንሽ ፈቀቅ አልኩ።