የቡሬ ስለት

ሚስቴ ሸጌ ሳታማክረኝ ኮርማዬን ለሚካኤል ስለት አደረገችው። «ልጄ ያለበት የኢትዮጵያ ቡድን ካሸነፈልኝ፣ ለኅዳር ሚካኤል ቡሬን አስገባለሁ» አለች፤ ያውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ፣ ሰው እየሰማ። ስሰማ ደሜ ፈላ።

«አንቺ ሴት፣ ዶሮ አጣሽ? ዥንጥላ አጣሽ?» አልኳት።

«ልጅ በዶሮ ይለመናል እንዴ?» አለችና ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

ቡሬን የማያውቅ ሰው ንዴቴ አይገባውም። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሻኛው ተራራ ያህላል፤ ከወረታ እስከ ሐሙሲት ላሙን እየነዳ የማይመጣብኝ የለም። እንግዳው የሚባል ጎረቤቴማ «ሽጥልኝ» እያለ ስንት ዓመት ለመነኝ! ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ውሃው ሜዳውን ሲውጠው፣ ከጥጃነቱ ጀምሮ ወደ ደረቁ እየጎተትሁ ያተረፍሁት እኔ ነኝ። ይኸንን ነው እንግዲህ ለኳስ ጨዋታ የሰጠችብኝ።

እግር ኳስ ቢሆን እንኳ እሺ። ቴኒስ ነው! ልጃችን ዘመኑ አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሲማር ከአንድ ክበብ ሜዳ ኳስ እየለቀመ ጨዋታውን ለመደው። ለመደውና ይኸው ለአገሩ ተመረጠ። የየአገሩ ወንዶች ቡድን የሚገጥምበት ውድድር አለ አሉ፤ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ወደዚያው ሄደ። ደስ አለኝ እኮ! ልጄ አይዶለም? ግን በሐምሌ ጭቃ ቡሬ ከበረቱ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ ልጄ እንዲያሸንፍ ልጸልይ ወይስ እንዳያሸንፍ፣ ግራ ገባኝ። አምላክም ሳይታዘበኝ አልቀረም።

የጨዋታው ቀን ወረታ፣ የወዳጄ የንብረት ሩዝ ወፍጮ ቤት ተሰበሰብን። ንብረት ወፍጮውን አቁሞ ስልኩን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። ሩዙን ሊያስፈትግ የመጣው ሁሉ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ሸጌ ከፊት ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ፣ እንዳኮረፍሁ።

ደንቡን ያስረዳን ንብረት ነው። ሁለቱ ግጥሚያ አንድ ለአንድ፣ የመጨረሻው ጥንድ ለጥንድ፤ ከሦስቱ ሁለቱን የወሰደ አገር አሸነፈ። አንዱን ወሰድን፣ አንዱ ተወሰደብን። ጥንዱ ቀረ። ከጥንዱ አንዱ ደግሞ የኔው ዘመኑ ነው።

ቆጠራው ራሱ ያናድዳል። አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ ከዚያ አርባ! «አምስቷን ማን በላት?» ብዬ ጮህሁ። ከሁሉ የገረመን ግን ዝምታው ነው። ኳስ ሊመታ ሲል ዳኛው ከረጅሙ ወንበር ላይ ሆኖ ሕዝቡን ዝም ያሰኛል። እዚያ ጸጥ ሲሉ እኛም እዚህ ጸጥ አልን። አንድ ሽማግሌማ ወንጌል የሚነበብ መስሏቸው ተነሥተው ቆሙ።

እንግዳው ብቻ አልቻለበትም። ልክ በጸጥታው መሃል «በለው! ዘመኑ፣ በለው!» ይላል።

«በሕግ አምላክ ዝም በል! ኳሷ ትደነግጣለች!» እያለ ሰው ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይቆጣዋል። እንግዳው አፉን በጋቢው ጫፍ ያፍናል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በለው!»

የመጀመሪያውን ዙር እኛ፣ ሁለተኛውን እነርሱ ወሰዱ። በመጨረሻው ዙር ቀድመውን ሄዱ፤ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረቻቸው። ሸጌ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ሆዴ «ቡሬ ተረፈ!» አለ። ይኸኔ የዘመኑን ፊት አቅርበው አሳዩን። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ የታች ከንፈሩን ነክሷል። ልጅ ሳለ ጎርፍ የያዘውን ጥጃ ታቅፎ ውሃ ሲያቋርጥ እንዲያ ነበር የሚነክሳት።

በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሃል ብድግ ብዬ «ውሰደው! ቅዱስ ሚካኤል፣ ቡሬን ውሰደው! ብቻ ልጄን አታሳፍርብኝ!» ብዬ ጮህሁ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው ቴኒስ ነው። አንድም ሰው ዝም በል አላለኝ። ሸጌ ነጠላዋን ገልጣ ዞር ብላ አየችኝ፤ እንዲያ ያየችኝ የሠርጋችን ዕለት ነው።

ዘመኑ መታ። ኳሷ መረቡን ታከከች፣ አመነታች፣ ከዚያም ወዲያ ማዶ ወደቀች። አርባ ለአርባ! ከዚያ ወዲህማ ምኑን ልንገራችሁ! አንዷን ሲወስዱ አንዷን እየመለስን ደረስንባቸው፤ በመጨረሻ ዘመኑ ኳሷን በሁለቱ መሃል ሲያሾልካት ወፍጮ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ንብረት በደስታ ወፍጮውን ያለ ሩዝ አስነሣው። እኔ አለቀስሁ፤ ምን አፍራለሁ? እንግዳው መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመና «እሰይ! እንግዲህ ቡሬ ለጨረታ ይወጣል፤ እገዛዋለሁ!» አለኝ። ይኸ ጠላት!

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እስከ ኅዳር ቡሬን እንደ ሙሽራ ቀለብሁት። የሚካኤል ዕለት ቀንዱን በአበባ አስጌጥን፤ ገመዱን ዘመኑ ይዞ፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዳነው። በእኛ ልማድ ለስለት የገባ ከብት ታቦቱ ከገባ በኋላ ለሕዝብ ይጫረታል፤ የተሳለውም ሰው ቢሆን ገንዘብ ካለው መልሶ መግዛት አይከለከልም። እኔ የነበረኝ የሩዜ ዋጋ ነው። ያንኑ ጠራሁ። ለወይፈን እንጂ ለእንዲያ ያለ ኮርማ እንደማይበቃ አውቃለሁ። እንግዳው ከፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ኪሱ አብጧል።

«ባየህ ጠራ! የሚጨምር?» አሉ ቄሰ ገበዙ አባ ኪዳን ስሜን ጠርተው።

ንብረት ከወደ ኋላ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ልክ ኳስ ሊመታ ሲል እንደሆነው።

«ኧረ ምን ነካችሁ? የፎገራ ኮርማ እኮ ነው! የሚጨምር?»

ሰው ሁሉ ወደ እንግዳው ዞረ። እንግዳው አንዴ ቡሬን አየ፣ አንዴ ዘመኑን አየ። ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ወሸቀው።

አባ ኪዳን ነገሩ ገባቸው መሰል ሣቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። «አንድ... ሁለት... ሦስት!» አሉ።

«ከሚመጡት ጥጃዎቹ የመጀመሪያው የሚካኤል ነው፣ አባ!» አልኩ። ዘመኑ ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠው።

ያኔ እንግዳው፣ መቼም አያስችለው፣ ጋቢውን ከአፉ አወጣና «በለው!» አለ።