ደንገል በር አንወርድም

ታይቱ ሰውመሆንን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አላመነችውም። ክፉ ሲሠራ አይታው አይደለም። ሰውየው ትሑት ነው፤ ወረታ መግቢያ ላይ ካለው የሩዝ መፈልፈያ ውሎ ሲመለስ ደጇ ላይ ቆሞ ደኅንነቷን ሳይጠይቅ አያልፍም። ግን ዘመድ የለውም። ከጣና ዳር ነኝ ይላል፤ ከጣና ዳር ደግሞ አንድም ሰው መጥቶ ጠይቆት አያውቅም። ታናሽ እህቷን ዕንቁን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ እንኳ የላካቸው አብረውት ጆንያ የሚሸከሙ ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። ታይቱ ጠላ ቀድታ ካስተናገደቻቸው በኋላ አባቱ ማን እንደሚባል፣ አገሩም በስም የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሁለቱ እርስ በርስ ተያዩና ጠላቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

ዕንቁ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ስትስቅ የታየችው ከዚህ ሰው ጋር ነው። ስለዚህ ታይቱ እንቢ ማለት ከበዳትና ነገሩ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብላ አራዘመችው። እስከዚያ አንድ ነገር መገኘቱ አይቀርም ብላ አሰበች።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጡት ጎረቤቷ ጋሽ ዳኘው ናቸው። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ፣ ከብቱም ቃርሚያው ላይ ተለቆ ሰው ትንሽ ፋታ ያገኘበት ጊዜ ነበር። ጣና በየክረምቱ ማሳችን ድረስ እየመጣ ሲጠይቀን እኛ አንድ ቀን እንኳ ሄደን አልጠየቅነውም አሉ። ከባሕር ዳር ጀልባ ተከራይተን ገዳማቱን እንሳለም፣ ስንመለስ ደግሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ ጎራ ብለን ጉልበቴን ልዘፍዝፍ ሲሉ ሚስታቸው አማከለች እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱ እሺ አለች።

መንገዱን የሚያቅደው ሰውመሆን እንዲሆን ሁሉም ተስማሙ። ድሮ የጀልባ ነጂ እንደነበር ለዕንቁ ነግሯታል። ማምሻውን ታይቱ ግቢ ውስጥ ገለባው ላይ ተቀምጠው ሲመክሩ፣ ሰውመሆን በጭራሮ መሬቱ ላይ ሐይቁን ይስላል። እዚህ ባሕር ዳር፣ እዚህ ዘጌ፣ እዚህ ላይ ነፋሱ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ በጠዋት ማለፍ አለብን ይላል። አማከለች በየማረፊያው ሴት ትገባለች ወይ ብላ ትጠይቃለች። እሱም የትኛው ገዳም ሴት እንደሚያስገባና የትኛው እንደማያስገባ፣ የት ጥላ እንዳለ፣ የት ድንጋዩ እንደሚያዳልጥ ይነግራታል። ታይቱ እየሰማች ታጠናዋለች። ይህን ያህል የሚያውቀውን አገር ለምን ጥሎት መጣ?

ከዚያ ጋሽ ዳኘው ደንገል በርን አነሡ። ደንገል በር ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ ኪዳነ ምሕረት አለችበት። እናታቸው ጃንጥላ ተስለው ሳያደርሱ ስለሞቱ እሳቸው ሊያደርሱላቸው ይፈልጋሉ። የሰውመሆን ጭራሮ መሬቱ ላይ ቆመ። እዚያ ሴት አትገባም አለ። በሌላ ቀን ጋሽ ዳኘው ሴቶቹ ጀልባው ላይ ይጠብቁን ሲሉ፣ ዳሩን እምቦጭ ስለሸፈነው ጀልባ አይጠጋም አለ። ሦስተኛ ሲነሣበት ደግሞ ነፋሱን አመካኘ።

ታይቱ ያን ማታ ዕንቁን ለብቻዋ ጠራቻት።

"እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው አንድ ይበቃዋል። ይህ ሰው ሦስት ደረደረ" አለቻት።

ዕንቁ ተቆጣች። አንቺ ማንንም አታምኚም፣ የሟቹን ባሌንም እንዲሁ ስታብጠለጥይው ነበር ብላ ወጣች።

በገበያ ቀን ታይቱ ከጣና ዳር ዓሣ ይዘው ወደሚመጡት ሴቶች ሄደች። እየጠየቀች ሄዳ ገላነሽ የምትባል የደንገል በር ሴት አገኘች። ገላነሽ በጥያቄው ሳቀች። ሴት ታስቀድሳለች፣ ስለቷንም ታስገባለች፣ ማን ከልክሏት? እምቦጩንም ሰው በዘመቻ ነቅሎታል፤ ጀልባ እንደልቡ ይጠጋል አለቻት። ታይቱ አንዱን ዓሣ አንሥታ እያገላበጠች፣ እንደዋዛ፣ ሰውመሆን የሚባል የጀልባ ነጂ ታውቂያለሽ አለቻት።

የገላነሽ ሳቅ ጠፋ።

"የት ነው ያለው?"

"እዚሁ ወረታ። ወደናንተም ልናመጣው ነው፣ ስለት ለማድረስ።" ታይቱ ይህን ያለችው የሴትዮዋን ፊት ለማየት ብላ ነው።

"መቼ?"

ታይቱ ቀኑን ነገረቻት። ገላነሽ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ገበያው ገና ሳይሞቅ የቀረውን ዓሣ ለጎረቤቷ ትታ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ መኪና መሳፈሪያው ሄደች። ታይቱ ከኋላዋ ቆማ አየቻት። ጥርጣሬዋ ተረጋገጠላት። ይህ ሰው ደንገል በር ላይ ሚስት አለችው፤ ምናልባትም ልጆች። ይቺ ሴት ልትነግራት ነው የምትሮጠው። ዕንቁ በዓይኗ ትየው፤ ያኔ ማንም ቅናተኛ አይለኝም አለች።

ከባሕር ዳር ለተከራዩት ጀልባ ነጂ ለአድማሴ ስልክ ደውላ፣ ዘጌ ካደርን በኋላ በማግስቱ ወደ ደንገል በር ትወስደናለህ፣ ለማንም ግን እንዳትናገር ብላ አስጠነቀቀችው። ለጋሽ ዳኘው ስትነግራቸው ለስለታቸው ብለው ምስጢሩን ያዙ። አማከለች ነገሩ አልጣማትም፤ ሆኖም ባሏን ተከትላ ዝም አለች።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። አማከለች ጣና ላይ ስትወጣ አፏን በነጠላ ሸፍና ሳቀች፤ ጋሽ ዳኘው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሰደው እንደ ልጅ ዋሉ። ሰውመሆን ሴቶቹን እጃቸውን ይዞ ያወርዳል፤ ዳገቱ ላይ የጋሽ ዳኘውን ክንድ ይደግፋል። ታይቱን ሊደግፋት ሲመጣ ግን እችላለሁ አለችው። ዘጌ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲያዩት ፊቱን ዘወር ማድረጉን አይታ በልቧ ያዘችው።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባዋ ሐይቁን አቋርጣ ወደ ምሥራቅ ስትቀና ሰውመሆን ቀና አለ። ፀሐይዋን አየ፤ ከዚያ አድማሴን አየ።

"ወዴት ነው?"

"እትዬ ታይቱ ወዳሉኝ" አለ አድማሴ ዓይኑን ሳያነሣ።

ሰውመሆን ወደ ታይቱ ዞረ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ቁጣ አልነበረም። ፊቱ አመድ መሰለ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀመጠ። ዕንቁ አጠገቡ ሄደች። እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠረችውም ነበር፤ አሁን ጠየቀችው።

"ሚስት አለችህ እዚያ?"

"የለችኝም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

መናገር ሲጀምር ለዕንቁ እንጂ ለሌላው የሚናገር አይመስልም ነበር። እሱ የደንገል በር ልጅ ነው። አባትና እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት በሰው ጀልባ እየሠራ ነው ያደገው። ያየህ ከሚባል የመንደሩ ልጅ ጋር መረብ ይጥሉ ነበር። አንድ ቀን በመረቡ ድርሻ ተጣልተው ሰው ገላገላቸው። በሳምንቱ አብረው ወጡና ማዕበል ጀልባቸውን ገለበጠው። ሰውመሆን ዋኝቶ ወጣ፤ ያየህ አልወጣም። አስከሬኑም አልተገኘም። የያየህ ወንድም ዘመነ፣ ተጣልተው ስለነበር ነው የገፋው አለ። ሰውመሆን ለቅሶው ላይ ሳይቀመጥ ሸሸ።

"ብቀመጥ ይገድሉኝ ነበር። ስሸሽ ደግሞ ገዳይ ሆንሁ" አለ።

ታይቱ ወሬውን ከላይ እስከ ታች እየፈተሸች ሰማችው። ለምን ሸሸህ? ለምን ሽማግሌ አልላክህም? ውሸት ሊሆን እንደሚችል አሰበች። ወዲያው ግን ገላነሽ ዓሣዋን ትታ ስትሮጥ ትዝ አላት፤ የሰጠቻትን ቀን አስታወሰች።

"አድማሴ፣ መልሰው" አለች። "ባሕር ዳር መልሰው።"

ጋሽ ዳኘውም መልስ አሉ። ነገር ግን ዳሩ ቀርቦ ነበር። ከደንገሉ ጎን ሰዎች ቆመዋል። ሰውመሆን አያቸውና ራሱን ነቀነቀ።

"አይተውናል። አሁን ብመለስ እውነትም ገድሎታል ይላሉ። እናንተ አትውረዱ፤ እኔ እወርዳለሁ።"

ዕንቁ ጋቢውን ጨበጠች፤ ቀስ ብሎ ጣቶቿን አስለቀቃት። ጀልባዋ ዳሩን ስትነካ ግን ቀድማ የወረደችው ታይቱ ናት። ውሃው እስከ ጉልበቷ መጣ።

ዘመነ ጠመንጃውን ይዞ ከፊት ቆሟል። ገላነሽ ከኋላው ናት፤ ለካ የዘመነ ሚስት ኖራለች። ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብለው አንዲት አሮጊት በዘንግ ተደግፈው ቆመዋል።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት" አለች ታይቱ።

"እናውቃለን" አላት ዘመነ። "እግዜር ይስጥልን። አሁን ከመሐል ዞር ይበሉ።"

ታይቱ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ምስጋና ተሰጥቷት አያውቅም። አሳልፋ እንደሰጠችው ነው የቆጠሩት። ከኋላዋ ሰውመሆን ሲወርድ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማች። ዞር አላለችም።

"ለእህቴ ብዬ ጠረጠርሁት እንጂ ላንተ ብዬ አላመጣሁትም። ከመታኸው የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ደሙ በኔም በቤቴም ነው። እኔንም ከባላንጣህ ጨምረህ ቁጠር" አለችው።

ዘመነ ጠመንጃውን አላወረደም። የደብሩ ቄስ ሰው ጠርቷቸው መስቀላቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ እየሮጡ ወረዱ፤ በኪዳነ ምሕረት ብለው መሐል ገቡ። ከሁሉም በላይ ነገሩን ያቆመው ግን የአሮጊቷ ድምፅ ነው። የያየህና የዘመነ እናት እናኑ ናቸው።

"ቆይ፣ ዘመነ። ብትገድለው ማን ይነግረኛል?" አሉ። ወደ ሰውመሆን ተጠጉ። "የት ላይ ነው ልጄ የሰጠመው? ይህን ሁሉ ዘመን በየዳሩ ሳለቅስ የኖርሁት ቦታውን ሳላውቅ ነው። አሳየኝ።"

ሰውመሆን አቀርቅሮ እሺ አለ።

በአድማሴ ጀልባ ወጡ። እናኑ፣ ቄሱ፣ ሰውመሆን፣ ታይቱና ዘመነ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ዕንቁና እነ ጋሽ ዳኘው ዳሩ ላይ ቀሩ። ሰውመሆን ወደ ኋላ እያየ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዋርካ ከአንድ ቋጥኝ ጋር እያስተያየ አድማሴን ግራ ቀኝ አስኬደው። ከዚያ እጁን አነሣና ሞተሩ ጠፋ።

"እዚህ ነው።"

እናኑ ውሃውን አዩ። ከዚያ ዳሩን አዩ።

"ቅርብ ነው" አሉ። "አንተ ዋኝተህ ወጣህ። ልጄ ካንተ ይበልጥ ዋናተኛ ነበር።"

"መረቡ እግሩን ይዞት ነበር እናቴ። ሁለት ጊዜ ጠልቄ ፈለግሁት። ሦስተኛውን ፈራሁ።"

"ዛሬ እዚህ ነው ትላለህ" አለ ዘመነ። "ሌላ ቦታ ብትለንስ ማን ያውቅብሃል?"

"ማንም አያውቅብኝም" አለ ሰውመሆን።

እናኑ ለረጅም ጊዜ ፊቱን አዩት። ታይቱም አብራ አየችው። እሷም የምትፈልገው እናኑ የሚፈልጉትን ነበር፤ የዓይን መሸሽ፣ የከንፈር መንቀጥቀጥ፣ አንድ ነገር። ሰውየው ያለቅስ ነበር፤ ልቅሶ ደግሞ ለእውነትም ለሐሰትም ይሆናል። ቄሱ ጸሎተ ፍትሐት ጀመሩ። እናኑ ነጠላቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አሸረጡና፣ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠው የልጃቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ። ታይቱ እንዳይወድቁ ከጎን ያዘቻቸው።

ሲመለሱ እናኑ ለሰውመሆን አንድ ነገር ብቻ ነገሩት። "አላምንህም። ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ አይሸሽም። አሁን ግን ላክ፤ ልጆቼ አይነኩህም።" ዘመነ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ።

ጋሽ ዳኘው ጃንጥላቸውን ለኪዳነ ምሕረት አስገቡ። ወንዛዬን ግን ማንም አላነሣውም። በጀልባ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በመኪና ወደ ወረታ ተመለሱ። ቤት ሲገቡ ዕንቁ ለእህቷ፣ ልታስገድይው ነበር አለቻት። ታይቱ አልካደችም። በማግስቱ ወደ ሰውመሆን ቤት ሄዳ፣ የሽማግሌውን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ አለችው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችውም፣ እሱም አልጠበቀም።

ጋሽ ዳኘውና ቄሱ እየተመላለሱ፣ ታይቱም አብራ እየሄደች ነገሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሰውመሆን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድንጋይ ተሸክሞ ቀረበ፤ ያየህን እንዳልገፋው ማለ፤ ደሙ ደረቀ፣ ዕርቅ ወረደ ተባለ። እናኑ መሐላውን ሰምተው ጉልበታቸውን አስሳሙት፤ አምኜሃለሁ ግን አላሉም።

ሠርጉ በመስከረም ሆነ። እናኑ አልመጡም፤ ዘመነ መጣ። ጠመንጃውን አልያዘም። በሩ አጠገብ ተቀምጦ የቀረበለትን በላ፤ ሙሽራውን ግን ቀርቦ አላነጋገረውም። ሲሄድ ታይቱ እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። ባጃጅ እየጠበቁ ሳለ፣ ፊቱን ወደ ጎንደር መንገድ እንዳዞረ ጠየቃት።

"እርስዎስ ያምኑታል?"

ታይቱ ነጠላዋን አስተካከለች። ከቤቷ የሚሰማው ጭፈራ ደምቋል፤ የዕንቁም ሳቅ ከመሐሉ ይለያል።

"አንዳንድ ቀን" አለችው።

ዘመነ ራሱን ነቀነቀ። ባጃጁ ሲቆም ገብቶ ተቀመጠ፤ እሷም ወደ ሠርጉ ተመለሰች።