አላየሁም የሚል ጨርቅ

በብራስፊልድ ከተማ ዴልበርት ክራውደር አስተያየት ያልሰጠበትን ነገር ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ሥራው የተማሪዎች አውቶቡስ መንዳት ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ሲመለስ ወደ ኖርማ ቁርስ ቤት ጎራ ይላል፤ ከመስኮቱ አጠገብ ይሰየማል፤ በነጭ መረቅ የራሰው፣ ብስኩት የሚሉት ትኩስ ዳቦ እስኪቀርብለት ድረስ እንኳ አንደበቱ አያርፍም። ከፊልም ይጀምራል፤ ወደ ቴሌቪዥን ይሻገራል፤ በመጨረሻ የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ላይ ይደርሳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው የለም።

«ፊልም ከሁለት ሰዓት ካለፈ» ይላል፣ «ዳይሬክተሩን ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለም ማለት ነው።»

«አንተንስ ማን ይጠብቅሃል?» ትለዋለች የቤቱ ባለቤት ኖርማ፣ ቡናውን እየቀዳችለት።

«እኔንማ ቴሌቪዥኔ ይጠብቀኛል። እሱም ቢሆን ከድቶኛል። ድራማ ማለት ሁለት ዓመት ነው የኔ እመቤት። በሦስተኛው ዓመት የሞተው ሰውዬ መንትያ ወንድም ይመጣል። መንትያው ሲገባ እኔ እወጣለሁ።»

«የቡድናችን ረጅሙ ልጅስ? ትናንት ጥሩ አልተጫወተም?»

«እሱ መሰላል ነው። መሰላል ደግሞ ሌላው ይወጣበታል እንጂ ራሱ አይዘልም።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ነገሩ አጥንት የሚነካ ሆኖ አንዱ ቅር ሲሰኝ፣ ዴልበርት ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ «ኧረ አስተያየት ነው እኮ!» ይላል። ይህች ቃል ጋሻው ነበረች። ወርውሮ ከመታ በኋላ ከኋላዋ ይደበቃል። ቃሏ ከማየት የተወለደች ናት፤ አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ ግን አይቶ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉን የሚናገር ሰው ለእሱ እንዲነገረው የማይፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የነገር ፍጻሜ። ሥሩ የልጅነት ነው። ዴልበርትና ታላቅ ወንድሙ ኦርቪል በልጅነታቸው ለሁለቱ የሚበቃ አንድ ደህና ካፖርት ብቻ ስለነበራቸው፣ በክረምት ሲኒማ ቤት የሚገቡት በተራ ነበር። ኦርቪል ቀድሞ አይቶ ይወጣል፤ ካፖርቱን መንገድ ላይ ለወንድሙ እያወለቀ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው!» ብሎ ይሮጣል። ዴልበርት በእንባ ገብቶ፣ ፍጻሜውን የሚያውቀውን ፊልም አይቶ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ያላየውን ፊልም ማንሣት ሲጀምር ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል።

ለዚህ ዓይነት ሰው ከተማችን የሚመች ልማድ ነበራት። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫው ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ኮሌጃችን ሲጫወት ግማሹ ወንድ ከመሬት በታች ነበር። ከፈረቃው የሚወጣው ጨዋታውን በኋላ በቴሌቪዥን ሲደገም ያየዋል፤ እስከዚያው ድረስ አንገቱ ላይ የሚያስረውን ቀይ ጨርቅ ፈትቶ በቤቱ በር እጀታ ላይ ይቋጥረዋል። ትርጉሙ «አላየሁም፤ እንዳትነግሩኝ» ነው። ማዕድን ማውጫው ተዘጋ፤ ጨርቁ ግን ቀረ። በከተማችን ሰው የጎረቤቱን አጥር ይነቅላል፣ ስሙን ያጎድፋል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዋሻል፤ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን በር የሚያንኳኳ ግን የለም። የተረፈን ጨዋነት ይህ ብቻ ነበር።

ወንድማማቾቹ የተቆራረጡት በአስተያየት ነው። የኦርቪል ልጅ ታነር ለኮሌጃችን ይጫወት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በትልቁ የመጋቢት ውድድር፣ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ ተመርተን ሳለ ታነር ሁለት ነጻ ውርወራ አገኘ። ሰዓቱ ቆሞ፣ ማንም ሳይከላከል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ እያየ ብቻን መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚፈርዱት ግን ሁሉም ናቸው። ልጁ ሁለቱንም ሳተ።

በማግስቱ ደጋፊዎች በሚደውሉበት የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ዴልበርት ደወለ። «የልጁ እጅ ደህና ነው» አለ። «የጎደለው ወኔ ነው። ከማን እንደወረሰው ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከአባቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግሁት።» አዘጋጁ ሳቀ። ዕድሜውን በጨለማ ውስጥ ድንጋይ ሲፈለፍል የኖረው ኦርቪል ይህን የሰማው በራፉ ላይ ባቆማት መኪና ውስጥ ነው፤ ልጁ ታነር ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። ኦርቪል ሬዲዮውን አጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሙን አላነጋገረም።

«ኧረ አስተያየት ነው እኮ!» አለ ዴልበርት ለኖርማ። ለኦርቪል ግን ሄዶ ምንም አላለውም።

የድንጋይ ከሰሉ ብናኝ የኦርቪልን ሳንባ ቀስ በቀስ ይበላው ነበር። ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሆስፒታል ገባ። ኖርማ የዴልበርትን ቁርስ ፊቱ ላይ አስቀምጣ፣ ሳህኑን ሳትለቅ ቆመች።

«የኦርቪል የአሁኑ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም አሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው ብስኩት የምትጠብቀው?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልግባ?» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «እኔና እሱ ዕድሜ ልካችንን ያወራነው ስለ ኳስ ነው። እናታችንን ቀብረን ስንመለስ እንኳ ያወራነው ስለ አሠልጣኙ ነው። ሐሙስ እንጫወታለን። ጨዋታውን ላይና እሄዳለሁ። ‹አየኸው?› እለዋለሁ። ‹አየሁት› ይለኛል። በቃ፣ ታረቅን።»

«‹ይቅር በለኝ› ማለት አይቀልም?»

«እሱ እኮ በፊልም ላይ እንኳ አያምርም ኖርማ። ትልልቆቹ ተዋንያን ሲሉት እንኳ ውሸት ነው የሚመስለው።»

«ዴልበርት፣ ሐሙስ ሩቅ ነው።»

«ምኑ ነው ሩቅ? ከነገ ወዲያ እኮ ነው። ሰውዬው ክራውደር ነው፤ ለጨዋታ ይቆያል።» ከዚያም ሳህኑን ከእጇ ሳብ አድርጎ መብላት ጀመረ።

ሐሙስ ጨዋታው የሚደረገው ከቀትር በኋላ፣ ዴልበርት ልጆቹን ወደየቤታቸው በሚመልስበት ሰዓት ነበር። የቴሌቪዥን መቅረጫውን አዘጋጀ፤ ስልኩን ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ከተተ፤ ቀይ ጨርቁን በበሩ እጀታ ላይ ቋጠረ፤ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ወደ ሥራው ሄደ። ተማሪዎቹ ልማዱን ያውቃሉ። ከኋላ ወንበር አንዷ «ሚስተር ዴልበርት፣ እኔ'ኮ ውጤቱን አውቃለሁ!» ብላ ስትጮህ፣ ሌሎቹ አፏን አፈኑላት። ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲደላደል ለዓለም ሁሉ አልቆ የተቀመጠን ነገር እሱ ገና እንደሚጀመር አድርጎ ማየት ጀመረ።

ጨዋታው ሲጋመስ በሩ ተንኳኳ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ሁሉ በየበረንዳቸው ሆነው ሰምተዋል።

«ጨርቁን አታይም? ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ፤ ዋኔታ።»

ዋኔታ የኦርቪል ሚስት ናት። ለሁለት ዓመት ያን ደጃፍ አልረገጠችም። ዴልበርት ተነሥቶ ወደ በሩ ቀረበ፤ አልከፈተም ግን።

«ማነው የላከሽ?»

«ኦርቪል ነዋ። ሂጂ ያለኝ እሱ ነው። ዴልበርት፣ ስማኝ፣ ሊያልቅ ነው…»

«ዝም! አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ!»

ምን እንደመሰለው ለመረዳት የሲኒማውን መንገድ ማስታወስ ይበቃል። ካፖርቱን እያወለቀ ፍጻሜውን የሚለፍፈው ኦርቪል ነበር የታየው። ሁለት ዓመት ቂሙን ይዞ አድፍጦ፣ ወንድሙን የሚቆረቁረው የቱ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ በዛሬው ቀን ሚስቱን ውጤት አስይዞ የላከበት መሰለው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ሌላ አገር ያለ ሰው አይሳሳትም።

«አውቄው ነበር!» ብሎ ጮኸ። «እዚያ ተኝቶም ሊበቀለኝ ነው! ሂጂ ንገሪው! እንደ ልጅነታችን አያበላሽብኝም በይው! ፍጻሜውን በገዛ ዓይኔ ነው የማየው!»

«ዴልበርት፣ ስለ እግዚአብሔር ክፈትልኝ…»

የቴሌቪዥኑ ድምፅ የመስኮቱ መስታወት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ከፍ አለ። ዋኔታ እጇን ቀይ ጨርቁ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆመች። ማዶ ያሉት ያያሉ፤ መንገዱን ተሻግሮ በሩን በእርግጫ የመታላት ግን አልነበረም። ጨርቅ ታስሯላ! «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ እንደማይሰማት እያወቀች። «እነግረዋለሁ።» ደረጃውን ወርዳ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች።

እኛ አሸነፍን። ያሸነፍነውም በሁለት ነጻ ውርወራ ነው፤ ገና አንደኛ ዓመት የሆነ ቀጭን ልጅ ሰዓቱ ቆሞ ሳለ ሁለቱንም አስገባ። ዴልበርት ባዶ ቤት ውስጥ እየዘለለ ጮኸ። ወዲያውም፣ የልቡ ክፋት በደስታው ጎርፍ ስለተወሰደ ይሆናል፣ የሚለውን አገኘ። ‹ውርወራው ከባድ ነው› ይለዋል፤ ‹ታነርም በዚያ ቀን ቆሞ መወርወሩ ራሱ ወኔ ነው› ይለዋል። ከይቅርታ ይህን ያህል ቀርቦ አያውቅም። ካፖርቱን በአንድ እጁ እንዳንጠለጠለ ወጣ፤ ጨርቁን ከበሩ መፍታት እንኳ ትዝ አላለውም።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የኦርቪልን ክፍል ሲጠይቅ ነርሷ በእጇ አመለከተችው። ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። በበሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ የጥንቱ፣ የማዕድን ማውጫው፣ ከሰሉ እጥፋቱ ውስጥ የቀረበት።

ዴልበርት አፉን በእጁ ያዘ። አላየም! ደስታው እንዳያመልጠው ፊቱን እንኳ ለማስተካከል ሞከረ። በሩ ተከፈተና ታነር ወጣ።

«ታነር፣ አባትህ አላየም እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

«አላየም። ቴሌቪዥኑን አስዘጋን። ‹ዴልበርት ሳይመጣ አላይም፤ መቅረጫውን ይዞ ይመጣና አብረን እናየዋለን› አለ። ጨርቁን ያሳሰረኝም እሱ ነው። ‹እናንተም ሰምታችሁ ፊታችሁ ላይ እንዳላነበው› ብሎ እኔን እንኳ ስልኬን ነጠቀኝ። እማዬን ልኮ በሩን በሩን ሲያይ ነበር።»

«መጣሁ እኮ። ይኸው መጣሁ። ምንም አልናገርም ልጄ፤ እንዳላየ ሰው ሆኜ አብሬው አየዋለሁ። ሄጄ መቅረጫውን…»

ታነር አልጠበቀውም። ወደ እጀታው ዞሮ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ጠብቆ ስለነበር ጊዜ ወሰደበት፤ ጣቶቹ ግን አልተንቀጠቀጡም። ፈትቶ ሲጨርስ ጨርቁን አጥፎ በአጎቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«አጎቴ፣ አሁን መናገር ትችላለህ» አለው። «የሚበላሽበት ሰው የለም።»

 

ከቀብሩ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ሴቶቹ የአሳማ ሥጋውንና የድንች ሰላጣውን ሲያቀርቡ፣ ዴልበርት ሳህኑን ይዞ እንደ ሌላው ሰው ተሰለፈ። ዋኔታ ፊት ሲደርስ ሳህኑን አስቀመጠ።

«ዋኔታ፣ ያን ቀን ያልኩሽን… ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ሁሉንም?»

«አንተ ንገሪው ያልከኝን።»

«ታዲያ ምን አለ? ተቀይሞ ነው የሞተው? ወይስ ሳቀ? ኦርቪል እኮ ይስቅ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ያስቀው ነበር። በእግዚአብሔር፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ዋኔታ ሥጋውን ቆርጣ በሳህኑ ላይ አደረገችለት። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ፍጻሜውን ሲነግሩህ አትወድም፣ ዴልበርት» አለችው። ቢላዋዋንም ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

በሚቀጥለው ዙር ተሸነፍን። ዴልበርት አሁንም ጠዋት ጠዋት ኖርማ ዘንድ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሰሞን አንዱ ረስቶ «አሠልጣኙን እንዴት አየኸው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። «አላየሁም» አለ። ያን ሐሙስ በበሩ ላይ የቋጠረው ጨርቅ ዝናብና ፀሐይ አደብዝዞት እስከ ዛሬ አልተፈታም። አንዳንዴ ከመስኮቱ ሆኖ መንገደኛውን ሲያይ ይታያል። እኛም ልማዳችንን የምናከብር ሰዎች ስለሆንን፣ ያንን በር ያንኳኳ የለም።