ዘይት ያልያዘው ካፖርት

ልጄ አዲሱን የዝናብ ካፖርት ይዛልኝ ስትመጣ፣ ከማመስገኔ በፊት አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። ይኼ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ልጄ የምትሠራው ጨርቅ ፋብሪካ ነው፣ ቅብ ክፍል። ጨርቁ ዝናብ እንዳያስገባ፣ ላብ ግን እንዲያስወጣ የሚቀባበት ክፍል ነው። አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ያረገዘችው ፋብሪካው መርዛማውን ኬሚካል ትቼ በሰም በሚሠራ ቅብ ተካሁት ካለ በኋላ ነው፤ ያለዚያማ በር ላይ ተጋድሜ አስቀራት ነበር።

«እማዬ፣ ደግሞ ማሽተት ጀመርሽ?» አለች። የፈላ ውሃ በኩባያ ቀዳች፤ የካፖርቱን ጫፍ ኩባያው አፍ ላይ ወጥራ ብርጭቆ ደፋችበት። ብርጭቆው በእንፋሎት ደበዘዘ። «አየሽ? ይተነፍሳል።»

«መተንፈሱንማ አየሁ። ምን እንደሚተነፍስ ነው ያላወቅኩት።»

ባሏ ከሶፋው ላይ ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎን ኬላ ላይ ቢያቆሙዎት መርፌ አያልፍም ነበር!»

«ሳቅ አንተ። የምታረግዘው አንተ አይደለህ።»

ሥራው እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ደህና ነው አለች። መጀመሪያ ላይ ገዢዎች ያማርሩ ነበር፤ የድሮው ቅብ ውሃም ዘይትም አያስጠጋም፣ የሰሙ ግን የሚመልሰው ውሃ ብቻ ስለሆነ ዘይት ያቆሽሸዋል። «አሁን ግን ቅሬታው ቆሟል።»

«ማን አስቆመው?»

«እኔ እንጃ። አለቃችን ቅቡን አሻሻልነው ብሏል።»

ባለፈው ክረምት ያመጣችልኝን፣ በሰም የተቀባውን ካፖርት ከበሩ ኋላ አወረድኩ። ሳላወልቀው ምድጃ አጠገብ ቆሜ የተፈናጠረብኝ ዘይት እጅጌው ላይ ጠቁሮ ቀርቷል። ከዚያ የዘይቱን ጠርሙስ አንስቼ አዲሱ ላይ ጠብ አደረግኩ።

«እማዬ! አዲስ ልብስ እኮ ነው!»

ዘይቱ ድቡልቡል ብሎ ቆመ። እጅጌውን ዘንበል ሳደርገው ተንከባሎ ወለሉ ላይ ወረደ። ጨርቁ ምንም አልያዘም፤ ልክ እንደ ድሮው ቅብ።

ልጄ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች።

«እውነትም አሻሽለውት ይሆናል» አለ ባሏ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በሰም?» አለች። «የቅቡ በርሜሎች ሰሞኑን ስም የተጻፈበት ወረቀታቸው እየተላጠ ነው የሚመጡት። እርጥበት ነው የላጠው ብዬ…»

በማግስቱ ጠዋት ይዘንብ ነበር። አዲሱን ካፖርትና የዘይቱን ጠርሙስ በፌስታል ያዘች። «በርሜሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳይነግሩኝ ቅብ ክፍል አልገባም።»

ሥራውን ተዪው እያልኩ ስጨቀጭቃት የኖርኩት እኔ፣ አሁን ሌላ ስጋት ያዘኝ። «ቢያባርሩሽስ?»

«ያባርሩኛ።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ትምህርት ቤት መሰለሽ እንዴ፣ ወላጅ የሚጠራበት?»

«በር ላይ ነው የምቆመው» አልኳትና የቆሸሸውን ካፖርት ደርቤ ተከተልኳት።