አራት ጣት ትርፍ

"ስለ ሟቿ አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር። ቤተሰብ ነዎት?" አለች በስልክ የደወለችው ሴት፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። "የትኛዋ ሟች?"

ሴትየዋ ሙሉ ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር አነበበችላት።

"እሷማ እኔ ነኝ። ማን ገደለኝ?"

ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ።

"በጣም ይቅርታ። ሐኪም ነኝ። የጡንቻ ካንሰር ከተሰራጨባቸው ሰዎች የአንዳንዶቹን ዕድሜ ምን እንዳረዘመው እያጠናን ነው። ስምንት ወር ለክትትል ስላልመጡ ካርድዎ ከሟቾቹ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። የጎደለኝ የሞቱበት ቀን ብቻ ነበር።"

"እኔም እሱን አላውቀውም፤ ካገኘሽው ንገሪኝ።"

ሐኪሟ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አቃታት።

ከሦስት ዓመት በፊት ከቀኝ ጭኗ ብርቱካን የሚያህል እብጠት ወጥቶላታል። በዓመቱ ሳንባዋ ላይ ሁለት ትንንሽ ሆኖ ብቅ አለ፤ እሱም በቀዶ ጥገና ወጣ። ያኔ "ብዙዎች ከዓመት ተመንፈቅ አያልፉም" ሲባል ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ምርመራ እየፈራች መጥታ፣ ካለፉት ስምንት ወራት ወዲህ ጭራሽ ቀረች። እህቷ ስትጨቀጭቃት "ሳይጠሩኝ አቤት አልልም" ትላት ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀጠሮ ያለው ሥራም አትቀበልም። የሰው ጨርቅ ቆርጦ ሳይሰፉ መሄድ ለእሷ ነውር ነው። ትናንት እንኳ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ለሚቀጥለው ዓመት ሰማንያ ዩኒፎርም እንድትሰፋ ቢለምኗት "ሌላ ሰው ይፈልጉ" ብላ መልሳቸዋለች።

ስልኩን ዘግታ ወደ እህቷ ዞረች። "ተጠራሁ እንግዲህ።"

በማግስቱ ሲቲ ስካን ተነሳች። በሳምንቱ ሁለቱ እህትማማቾች ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ።

"ሳንባዎ ንጹሕ ነው። ጭንዎም ደህና ነው" አለች ሐኪሟ።

ታናሿ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ ግን የቦርሳዋን ማንገቻ ስታስተካክል ቆየች።

"ታዲያ እኔን በሕይወት ያቆመኝ ምንድን ነው?"

"ሳንባ ላይ የወጣው ሁለት ብቻ መሆኑና ሁለቱም ተጠርገው መውጣታቸው ትልቁ ነገር ነው። ከአልጋ ተነስተው ሥራቸውን የሚሠሩትም ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ ዕድሜ ያገኛሉ። እርስዎ በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?"

"የጭኔን ጡንቻ ሲቆርጡት የስፌት መኪናዬን መርገጫ በግራ እግሬ ተለማመድኩ። ቀን ቀን አልጋዬ ላይ የምትተኛው እሷ ናት።"

"እትዬ!" አለች እህቷ፣ እንባዋን እየጠረገች።

"ዋስትና ግን አልሰጥዎትም" አለች ሐኪሟ። "በየሦስት ወሩ መምጣት አለብዎት።"

"ዋስትናማ እኔም ለጨርቅ አልሰጥም። እመጣለሁ።"

ሐኪሟ ለሞት ቀን በተተወው ቦታ ላይ ሰረዝ አሰመረችና ከጎኑ "በሕይወት አለች፤ ትሠራለች" ብላ ጻፈች። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አስግጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳን አወጣች።

"ጋሼ ርዕሰ መምህር፣ ሰው አገኙ እንዴ? ካላገኙ ልጆቹን ነገ ያሰልፉልኝ።"

"የሚቀጥለው ዓመት እኮ ነው" አለች እህቷ በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ። ልጆቹም እስከዚያ ያድጋሉ።"

በማግስቱ ጠዋት ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትምህርት ቤቱ ደረሰች። እስከ ምሳ ሰዓት የሠላሳ አንድ ልጆች ልክ ወሰደች፤ ለእያንዳንዳቸውም ሲያድጉ ከታች የሚለቀቅ አራት ጣት ትርፍ ጨመረች።